ያርሁዳ ያበላቸው ቁራዎች

የፊያንጉ ሹሩባ ከደቡብ የመጣው የሁርሃ ወንዝ በረዶ ሊሠራ ሲል ነው። ሬሳው አልመጣም። ጦሩ ሩቅ አገር ሲዘምት የሞተን ሰው የተጎነጎነ ጸጉር ቆርጠው ይልካሉ፤ ሌላው እዚያው ይቀራል። እናቱ እማማ ኢልሃ ጨርቁን ፈትተው ሹሩባውን አሸተቱትና "የእሱ ነው" አሉ። ሚስቱ ቺቢን በሩ ላይ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። ልጃቸው ሱጄ የወተት ጥርሷ ገና እየወላለቀ ነበር። ሹሩባውን አይታ "የቀረው አባባስ መቼ ይመጣል?" ብላ ጠየቀች።

በእኛ ዘንድ የወላጅ ቤት የሚቀረው ለመጨረሻው ልጅ ነው። የመጨረሻው ፊያንጉ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ያርሁዳ ቀድሞ ወጥቶ አጠገባቸው ቤት ሠርቷል። ቤቱ ከእነሱ ቤት ይሰፋል፤ በረቱም ይሰፋል። ዓይኑ ግን ከአባቱ ቤት ላይ ተነሥቶ አያውቅም። የአያቶቻችን መንፈስ የሚያርፍበት ሰሌዳ በምዕራቡ ግድግዳ የተሰቀለው እዚያ ነው። እኔ በሌላው በኩል ጎረቤታቸው ነበርኩ፤ የሚለየን የአኻያ አጥር ብቻ ነው። የምናገረው ያየሁትን ነው።

ሹሩባው እንደተቀበረ ያርሁዳ ወደ ጎሳው አለቃ ወደ አባባ ኪቹንጌ ሄደ። እኛንም ጠሩን። ቤታቸው ውስጥ በሞቀው መደብ ላይ ዙሪያውን ተቀመጥን። ቺቢን በሩ አጠገብ ቆመች።

"ወንድ የሌለበት ቤት ምን ቤት ነው?" አለ ያርሁዳ። "ቤቱና መሬቱ ወደ እኔ ይምጣ። እናቴን እኔ እጦራለሁ። ልጅቱ የጎሳው ናት፣ እኔ ጋ ትደግ። ሴትየዋን ደግሞ የሚወስዳት አግኝቻለሁ።"

የሚወስዳት ከወንዙ ማዶ ያለ የቆዳ ነጋዴ ነበር። ሁለት ሚስቶች ቀብሯል። እንዴት እንደሞቱ ሁላችንም እናውቃለን።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?" አሏት አባባ ኪቹንጌ።

"ልጄን አልሰጥም።"

"ልጅ የአባቷ ናት።"

"እንግዲያው በአባቷ ቤት ትደግ። ቤቱም የአባቷ ነው።"

ሰው ሳቀ። ያርሁዳም አብሮ ሳቀ። "ምላስ አላት" አለ። "ነጋዴው ምላስ ያላት ሴት ይወዳል። የመጀመሪያዋም ነበራት።"

እንደገና ተሳቀ። ቺቢን መሬት መሬቱን አየች።

አባባ ኪቹንጌ ጠብ አይወዱም። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ደስ ብሎት እንዲሄድ የሚፈልጉ ሽማግሌ ነበሩ። ፒፓቸውን መትተው አመዱን አራገፉና እንዲህ አሉ፤ "ሰው ከሚፈርድ ቁራዎቹ ይፍረዱ። በቤቷ ግቢ የቁራ ምግብ የሚቀመጥበት ሳህን ያለው ምሰሶ ይቁም። አሳማ ታቅርብ። እስከ ሦስተኛው ቀን ፀሐይ መጥለቂያ ቁራ ወርዶ ከሳህኑ ከበላ፣ አያቶቻችን ቤቱን ተቀብለውታል፤ ልጅቷም ከእናቷ ጋር ትቀራለች። ካልበላ ቤቱ ይዘጋል፣ ያርሁዳ እንዳለው ይሆናል።"

ከዚያ ጣታቸውን አነሡ። "አንድ ነገር ልብ በሉ። ቁራን ከምሰሶ ሥር ያባረረ፣ ድንጋይ የወረወረም ሆነ እጁን ያነሣ፣ የጮኸም ቢሆን፣ በነገሩ ተረታ። አንቺም። አንተም።"

"እኔ ቁራ ላባርር?" አለ ያርሁዳ። "አፈር ልብላ!"

ምሰሶ የሚያቆመው ወንድ ነው። በቺቢን ቤት ወንድ ስለሌለ ከጎሳው አንድ ሰው ማቆም ነበረበት። ያርሁዳ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አየ። የተነሣ የለም። እኔ ተነሣሁ። ደግ ስለሆንኩ አይደለም፤ ባለፈው ክረምት ያርሁዳ ወጥመዴ የያዘውን ቀበሮ ሰርቆብኝ ነበር።

ቺቢን ከግልገልነቱ ያሳደገችው ጥቁር አሳማ ነበራት። ለመስዋዕት የሚቀርብ አሳማ አንድ ነጭ ጸጉር እንኳ ሊገኝበት አይገባም። ያርሁዳ ማለዳ መጣና ተንበርክኮ ከጆሮው እስከ ጅራቱ ጸጉሩን በጣቱ እየከፈለ ፈተሸ። አልቸኮለም። ሰው በብርድ ቆሞ ይጠብቀዋል።

"ቅማል ነው የምትፈልግለት?" አሉት እማማ ኢልሃ ከደጃፉ።

"ነጭ ጸጉር ነው፣ እማማ።"

"ካጣህ ከእኔ ራስ ነቅለህ ትከልበት።"

ሰው ሳቀ። ያርሁዳ ጉልበቱን አራግፎ ተነሣ። ምንም አላገኘም።

አሳማውን አስተኝተው የሞቀ አረቄ በጆሮው አፈሰሱለት። ጆሮው ካልተነቃነቀ አያቶቻችን አልፈለጉትም ማለት ነው። ጆሮው ራደ። ቺቢን ይዛው የቆየችውን ትንፋሽ ስትለቅ ሰማኋት። ከዚያ ታረደ፤ ሥጋው ያለ ጨው በውኃ ብቻ ተቀቀለ። የመስዋዕት ሥጋ ከግቢ አይወጣም፤ የመጣ ሁሉ እዚያው ይበላል። ያርሁዳ ከሁሉም በላይ በላ። ጣቱን እየላሰ "ጥሩ አሳማ አሳድገሻል" አላት።

የአሳማውን የአንገት አጥንት በምሰሶው ጫፍ ሰካሁ። ከሥሩ ባለው የቆርቆሮ ሳህን የተከታተፈውን አንጀት፣ ጉበትና ሳንባ ሞላሁበት። ምሰሶውን አቆምኩና ሥሩን በድንጋይ አጠበቅሁ። ጥላው በረዶው ላይ ረዘም ብሎ ወደቀ። የምሰሶ ጥላ መርገጥ ነውር ስለሆነ ሰው በጎን በጎኑ ዞረ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ምሰሶው ገና ሲቆም ነው ቁራ የሚወርደው። በወንዙ ዳር ያሉት የአኻያ ዛፎች በእነሱ የጠቆሩ ናቸው። አሳማ ሲጮህ ሲሰሙ ቀድመው መጥተው ጣራ ላይ ይጠብቃሉ። ያን ቀን ጣራው ላይ የነበረው በረዶ ብቻ ነው። ቺቢን ከምሰሶው ራቅ ብላ፣ ሱጄን ቀሚሷ ውስጥ ከትታ፣ እስኪመሽ ወደ ላይ አየች። አንድም አልመጣም።

በማግስቱ የዓሣ መረቤን ላይ ብዬ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ከጉብታው ጀርባ ጩኸት ሰማሁ። ሄጄ አየሁ። መሬቱ ጠቁሯል። ቁራ በቁራ ላይ ተደራርቦ ይተራመሳል። በመካከሉ የያርሁዳ ዳማ ባዝራ ተጋድማለች። እሱ ራሱ ራቅ ብሎ ግንድ ላይ ተቀምጦ ፒፓውን ያጨሳል።

"ምን ሆነችብህ?" አልኩት።

"ምንም አልሆነች። ትናንት ጎህ ሲቀድ አረድኳት።"

እውነቱን ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ሲጋልባት አይቻለሁ፤ ጤነኛ ነበረች። ሆዷን ከጡቷ እስከ ደረቷ በቢላ ከፍቶታል። የቁራ አፍ የፈረስ ቆዳ አይበሳም።

"ለስላሳውን ያስቀድማሉ" አለኝ። "እየው ያንን፣ እየው! እንዴት ያለ ሆዳም ነው።" እንደ ልጆቹ ነበር የሚያያቸው።

"ምሰሶው ላይ ምግብ አለላቸው" አልኩት።

"ይሂዱና ይብሉዋ። አሰርኳቸው እንዴ? ወንድሜ ሞቶብኛል። ስለ እሱ ብዬ ቁራ አበላሁ። ጥፋት ነው?"

አባባ ኪቹንጌ ጋ ሄድኩ። መደባቸው ላይ እግራቸውን አጣጥፈው የዳጉሳ ገንፎ ይበሉ ነበር።

"ሆን ብሎ ነው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ምን? ቁራ አበላህ ብዬ ልክሰሰው? አያቶቻችን አብሉ ብለዋል፣ እሱም አበላ። እኔ ለቁራ ፈረስ የሚያርድ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። አንተ አይተሃል?" ማንኪያቸውን ላሱ። "ፈረስ የተረፈህ እንደሆነ አንተም እረድ።"

በመንደሩ ውስጥ ነገሩ ተወራ። ሴቶች በውኃው ጉድጓድ ዙሪያ ያርሁዳን ሲያመሰግኑ ሰማኋቸው። "ለወንድሙ ባዝራ አረደ" ይላሉ። እያንዳንዷ ለምን እንዳረዳት ታውቃለች። አንዷ እንዲያውም ይህንን ስትል አፏን በእጇ ሸፍና ትስቅ ነበር።

ያን ቀን የያርሁዳ ሚስት ወደ ቺቢን ግቢ መጣች። በእጇ ገመድ ይዛለች። እኔ በአጥሩ በኩል እንጨት እፈልጥ ነበር።

"ነይ እስቲ ሱጄ፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚ" አለቻት።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለች ቺቢን።

"ልለካት ነው። በሩ ሥር ያለው መደብ አጭር ነው፣ እግሯን ዘርግታ መተኛት ትችል እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው። ካልበቃት እግሯን ታጥፋለች፣ ልጅ አይደለች?"

"እዚያ ጋ እሳቱ አይደርስም።"

"አይደርስም። ሠራተኛ ሲሞቀው ይተኛል።"

ገመዱን ከልጅቷ ራስ እስከ ተረከዟ ዘረጋችው፤ ቋጠሮ አድርጋ ሄደች። ቺቢን ምንም አላደረገቻትም። እጇ ግን ከአጥሩ ላይ የአኻያ ቅርንጫፍ ይሰብር ነበር። ሰብራ ሰብራ ስትጨርስ ሻርፏን ጠቀለለችና ወደ ጉብታው ሄደች። መረቤን ላይ ብዬ ከኋላዋ ወረድኩ።

ባዝራዋ አጥንቷ ወጥቷል። ያርሁዳ ከአጠገቧ በሬ አርዶ ሆዱን እየከፈተ ነበር። እጁ እስከ ክንዱ ደም ነው፤ ከሆድ ዕቃው እንፋሎት ይወጣል። ቺቢን በረዶው ላይ ተንበረከከች።

"ጋሼ ያርሁዳ" አለችው። "ቤቱን ይውሰዱት። መሬቱንም ይውሰዱት። ወደ ነጋዴውም ልሂድ። ልጄ ብቻ አብራኝ ትሂድ።"

ቢላውን አላቆመም። "እሷንስ ከወሰድሽ ማን ውኃ ይቀዳልኛል? ሚስቴ ወገቧን ታማለች።"

"ሕፃን ናት። ባልዲው ራሱ ከእሷ ይከብዳል።"

"ታድጋለች።" ከዚያ ቀና ብሎ አያት። "ተነሺ ከዚያ። ቁራዎቹን ታስደነግጭብኛለሽ።"

ቺቢን ተነሣች። በጉልበቷ ያለውን በረዶ ሳታራግፍ ሄደች። ያርሁዳ እኔን አይቶ በቢላው ጫፍ ሰላም አለኝ።

ከመረቤ ካገኘሁት ዓሣ ትንሽ ወስጄ ሳይመሽ ወደ እነቺቢን ቤት ገባሁ። እማማ ኢልሃ መደቡ ላይ ተጋድመው ነበር። ወገባቸው ከተያዘ ወዲህ ያለ ደጋፊ አይነሡም። ሱጄ ጎናቸው ተለጥፋለች፤ ልጅ ሁሉ የሚነገረውን ያንን የጥንቱን ወሬ ይነግሯት ነበር፤ ጠላት መንደሩን ሁሉ ሲፈጅ አንድ ልጅ ብቻ እንዳመለጠ፣ ሜዳ ላይ ሲደክመው እንደተጋደመ፣ ቁራዎች መጥተው እንደሰፈሩበት። የሚያሳድዱት ሰዎች ቁራ የሰፈረበት ሬሳ ነው ብለው አልፈውት ሄዱ። እኛ ሁላችን ከዚያ ልጅ ነን።

"ለምንድን ነው የወረዱበት?" አለች ሱጄ።

"ስላልተነቃነቀ።"

"ዓይኑን አልወጉትም?"

እኔ ይህን ወሬ ስሰማ አርጅቻለሁ፤ ያንን የጠየቀ ልጅ ግን አልሰማሁም።

"ወሬው ስለዚያ አይናገርም" አሉ እማማ ኢልሃ። ከዚያ በወረቀቱ መስኮት በኩል ወደ ያርሁዳ ቤት አቅጣጫ ረጅም ጊዜ አዩ።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ እማማ ኢልሃ በአጥሩ በኩል አስጠሩኝ። ስገባ ፊታቸውን ታጥበው፣ ጸጉራቸውን አስረው፣ የበግ ቆዳ ካባቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል። ቺቢን ከፊታቸው ተንበርክካ እጃቸውን ይዛ ነበር።

"ተሸከመኝ" አሉኝ። "ምሰሶው ሥር አስተኛኝ።"

"አይሆንም፣ እማማ" አለች ቺቢን። "አይሆንም፣ ይሞታሉ።"

"አልሞትም። አንቺ ሞኝ ነሽ። ስሚ። አንድ ቁራ ብቻ ይበቃኛል። ያርሁዳ ቆሞ እያየ አንድ ቁራ በላዬ ይረፍ፣ ይጮኻል። ከጮኸ ተረታ። ኪቹንጌ በሰው ፊት ተናግሯል።"

"ካልጮኸስ?" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "እናት የለህም እንዴ፣ አንተ?"



"ፈንጣጣ ሲይዘው እንዳያክ ብዬ እጁን በእጄ ይዤ ነው ያደርኩት፤ እስኪሻለው ድረስ" አሉ። "ክፉ ነው፣ አውቃለሁ። የእኔ ክፉ ነው። ዝም ብሎ ማየት አይችልም።" ወደ ቺቢን ዞሩ። "አንቺ ግን የመጣ ቢመጣ እንዳትነቃነቂ። እጅሽን ብታነሺ ልጅሽን ያባረርሻት አንቺ ነሽ። ማይልኝ።"

ቺቢን ማለች። ከአሳማው የቀረውን ደም በእሳት ዳር አሟሙታ በደረታቸው ላይ አፈሰሰች፤ የሳንባ ቁራጭም አኖረች። ሱጄን ቤት ውስጥ ዘጋችባት።

ተሸክሜ ሳወጣቸው እንደ ጭራሮ ቀላል ነበሩ። ጥላውን ሳልረግጥ ዞሬ በጀርባቸው አስተኛኋቸው። በረዶው ሲነካቸው አንዴ ተነፈሱ።

ሰው ተሰበሰበ። አባባ ኪቹንጌም የፀሐይዋን መጥለቅ ለማየት መጡ። ያርሁዳ ዘግይቶ መጣ፤ እጅጌው በበሬ ደም ደርቆ ይንኮሻኮሽ ነበር።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ። "እማማ፣ ተነሺ እንጂ! ሰው ይስቅብናል።"

"አትንካኝ" አሉ እማማ ኢልሃ፣ ወደ ሰማይ እያዩ። "የልጄን መስዋዕት እጠብቃለሁ።"

ወደ አባባ ኪቹንጌ ዞረ። "ይሄ ይፈቀዳል?"

"ግቢው የእሷ ነው" አሉ ኪቹንጌ። "ቁራ ሳይወርድ ልታነሣት ከፈለግህ አሁን አንሣት። ከወረደ በኋላ ያልኩት ነው።"

ያርሁዳ ሰማዩን አየ። ባዶ ነበር። "ትተኛ እንግዲህ" ብሎ ሳቀ። "ሲበርዳት ትነሣለች።"

ቁራ የትም ሲበላ ቢውል ለማደር ወደ ወንዙ ዛፎች ይመለሳል። መንገዳቸው በመንደራችን ላይ ነው። ያርሁዳ ይህን ያውቃል፤ የጠገበ ቁራ ግን አይወርድም ብሎ ነበር። ፀሐይ ጉብታው ላይ ስትደርስ መጡ። መጀመሪያ ድምፃቸው፣ ከዚያ እነሱ። አብዛኞቹ አለፉ። አንዱ ዞረ። ጣራው ላይ አረፈ። አንገቱን አዘንብሎ አየ። ሌላ ተከተለው። ከዚያ ብዙ ሆኑ።

የመጀመሪያው ወርዶ በረዶው ላይ ቆመ። ዘለል ዘለል እያለ ቀረበ። የሳንባውን ቁራጭ ጎተተ። እማማ ኢልሃ አልተነቃነቁም። ደረታቸው ላይ ወጣ።

ያን ጊዜ ሁላችንም ያርሁዳን አየነው። አፉ ተከፍቶ ነበር። አሁን ይጮኻል አልኩ። እማማ ኢልሃም ይህንኑ ይጠብቁ ነበር፤ ዓይናቸውን ብቻ ወደ እሱ መለሱ። ጭንቅላታቸውን አላዞሩም።

እሱ ግን እናቱን አላየም። ፀሐይዋን ነበር የሚያየው። ግማሿ ቀርታለች። አፉን ዘጋ።

ቁራው ዓይናቸው ሲንቀሳቀስ አየ። የሚያብለጨልጭ ነገር ነው።

ያልተናገርኩትን ሰው ይረዳዋል። እማማ ኢልሃ አልጮኹም። ከጉሮሯቸው አንድ ድምፅ ወጣ፣ በር ሲከፈት እንደሚወጣ ያለ። ጣቶቻቸው በረዶውን ቧጠጡ፤ ከበረዶው በታች ያለውን አፈር አወጡ። ቺቢን የካባዋን እጅጌ አፏ ውስጥ ከትታ ነክሳ ቆማለች። በአገጯ ደም ይወርድ ነበር፤ የራሷን ክንድ ነበር የነከሰችው። ከኋላዋ በመስኮቱ ወረቀት ላይ የጣት ቀዳዳ አየሁ። ትንሽ ቀዳዳ ነች፣ ከውስጥ የተበሳች።

ሌሎቹ ቁራዎች ያገኘውን ሊነጥቁት ተንጋጉ። እሱ ይዞት ተነሣ። እያሳደዱት ምሰሶው ጫፍ ወጣና ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቆመ። ዋጠ። ከዚያ አንገቱን ዝቅ አድርጎ የደረቀውን ጉበት መታ። አንዴ። ደግሞ። ቁራጭ ነቅሎ ዋጠ።

"በላ" አሉ አባባ ኪቹንጌ።

"ከሳህኑ አይደለም የበላው!" አለ ያርሁዳ። ያን ቀን ድምፁን ከፍ ያደረገው ያን ጊዜ ነው።

"ከሁለቱም በልቷል። ፀሐይዋም አልጠለቀችም። ቤቱ ቆሟል።"

"በላ" የሚለውን እማማ ኢልሃ ሲሰሙ ራሳቸው ተነሥተው ተቀመጡ። እንዴት እንደቻሉ አላውቅም። ቁራዎቹ በረሩ። ቺቢን ሮጣ አቀፈቻቸው፤ ፊታቸውን በቀሚሷ ሸፈነች።

"ማን ነው የጮኸው?" አሉ ከቀሚሱ ሥር።

"የጮኸ የለም፣ እማማ።"

"ያርሁዳ አልመጣም እንዴ?"

"መጥቷል። እዚህ ቆሟል።"

ሌላ አልጠየቁም። ተሸክሜ አስገባኋቸው። ስወጣ ያርሁዳ አባባ ኪቹንጌን ተከትሎ በበር ሲወጣ ሰማሁት። "ሦስት ቀን ያበላኋቸው እኔ፣ ያተረፈችው እሷ" ይላል። አባባ ኪቹንጌ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "አያቶቻችን ያዩልሃል" አሉት።

የቀጣው የለም። በምን ይቀጣል? ሁለት ከብት ለቁራ ያረደ ሰው ነው። እስከ ዛሬ ስለዚያ የሚያመሰግኑት አሉ።

እማማ ኢልሃ አልሞቱም። የግራ ዓይናቸው ቦታ ተሸበሸበ። ክረምቱን ሙሉ መደቡ ላይ፣ በአያቶቻችን ሰሌዳ ሥር ተቀመጡ። የአዲስ ዓመት ዕለት ልጅ ለእናቱ ሄዶ ይሰግዳል፤ እናት ተነሥ እስክትለው ድረስ አይነሣም። ያርሁዳ አዲስ ካባ ለብሶ፣ የዳጉሳ ኬክ ይዞ መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ቺቢን የደረቀ ዓሣ እንድበላ ጠርታኝ ነበር።

ያርሁዳ መሬት ተንበርክኮ ግንባሩን ወለሉ ላይ አስነካ። እማማ ኢልሃ ፒፓቸውን ይሞሉ ነበር። የድምፁን አቅጣጫ ሰሙና ቀስ ብለው ዞሩ፤ የግራ ፊታቸውን ሰጡት።

"ማን ነው?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ። ያርሁዳ። እንኳን…"

"ዝም ማለት ትችልበታለህ" አሉት። "ዝም በል።"

እማማ ኢልሃ ፒፓቸውን ለኮሱ። ቺቢን የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለች ቅርፊቱን እሱ ወደተንበረከከበት ወለል ትጥላለች። እየሳቀች አልነበረም፤ ያላዘነች መሆኗን ግን አየሁ።

ሱጄ ከውጭ ገባች። ጉንጯ ቀልቷል፣ እጇ ላይ ዳጉሳ ተጣብቋል።

"ለቁራዎቹ ሰጠሽ?" አሏት እማማ ኢልሃ።

"ሰጠሁ።"

"ሳህኑን ሞላሽው?"

"ሞላሁት፣ እማማ። ያ ትልቁ መጥቷል።"

"ጎበዝ። ነይ ሙቂ።"

ልጅቷ ያርሁዳን ዞራ አልፋ መደቡ ላይ ወጣች። ዓሣዬን ጨርሼ፣ አመስግኜ ወጣሁ። እሱ ገና ተንበርክኮ ነበር።